የጥርስ ሕክምናን ለሚፈሩ ታካሚዎች የሚሰጥ ማረጋጊያ፦ ምርጫው፣ ጥልቀቱና ኃላፊነቱ



 ዛሬ የምናገርበት ርእስ ሲታይ ጠባብ ነው፤ የጥርስ ሕክምናን አጥብቀው የሚፈሩ ሰዎችን በማረጋጊያ መድኃኒት እንዴት እንደምንረዳ የሚመለከት ነው። ይሁን እንጂ የፋርማኮሎጂ፣ የፊዚዮሎጂ፣ የሥነ ልቡናና የሕክምና ሥነ ምግባር ጥያቄዎች በዚህ ርእስ ውስጥ ይገናኛሉ። ከመካከላችሁ ሌላ የትምህርት ዘርፍ የምትከታተሉ ብዙዎች መሆናችሁን ስለማውቅ ሙያዊ ቃላትን በተቻለኝ መጠን እየፈታሁ እሄዳለሁ።

ተማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ሌሎች ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ታካሚው የሚፈራው ምኑን ነው? ሁለተኛ፣ ሥራውን ለማከናወን ምን ያህል ጥልቀት ያለው መረጋጋት ይበቃል? ሦስተኛ፣ ታካሚው ካሰብነው ጥልቀት አልፎ ቢሄድ የሚታደገው ማን ነው? መድኃኒቱን የምንመርጠው ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በምንሰጠው መልስ መሠረት ነው። እኛ በምንኖርበት ከፍታና ባለን የሰው ኃይል ደግሞ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። በቋንቋችን የጽናት ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ጥርስ ራሱ ነው፤ መከራን የታገሠ ሰው «ጥርሱን ነክሶ ቻለው» ይባልለታል። በዚህ አነጋገር ያደገ ሰው፣ በተለይም ጎልማሳ ወንድ፣ ስለ ጥርሱ «ፈርቻለሁ» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ በክሊኒካችን ውስጥ ፍርሃት በራሱ ስም ሲመጣ የምናየው ጥቂት ጊዜ ነው። «ግፊት አለብኝ»፣ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ሌላ ቀን ልምጣ»፣ «ለጊዜው ማስታገሻ ብቻ ይዘዙልኝ» በሚሉ ቃላት ተሸፍኖ ይመጣል። ብዙውን ጊዜም ጭራሹን አይመጣም፤ ታካሚው ከቀጠሮው ይቀራል፤ እኛም ቸልተኛ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ይህ መቅረት ዋጋ ያስከፍላል። የፈራ ሰው ሕክምናውን ያዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር በሽታው ይከፋል፤ በሽታው በከፋ ቁጥር የሚያስፈልገው ሥራ የበለጠ ከባድና የበለጠ የሚያም ይሆናል፤ ያ ሕመም ደግሞ የመጀመሪያውን ፍርሃት ትክክል እንደ ነበር ያረጋግጥለታል። በሙሌት ሊድን ይችል የነበረ ጥርስ የሥር ሕክምና ይፈልጋል፤ በሥር ሕክምና ሊድን የሚችለው ይነቀላል፤ ያልተነቀለውም መግል ቋጥሮ ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት ያየኋት አንዲት ታካሚ በዚህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዳ ነበር። ወደ እኛ ስትመጣ ከመንጋጋዋ ሥር በሁለቱም በኩል አብጦ፣ ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ምራቋን መዋጥ ተስኗት ነበር። ይህ ሁኔታ የሉድቪግ አንጃይና ይባላል፤ የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሊገድል የሚችል ኢንፌክሽን ነው። ሐኪሞች የአየር መተላለፊያዋን አስጠብቀው መግሉን አፈሰሱላት፤ ዳነችም። በኋላ ለምን ይህን ያህል እንደ ቆየች ስጠይቃት፣ በልጅነቷ ማደንዘዣው ሳይዝላት ሁለት ሰዎች ጨብጠው ይዘዋት ጥርሷ መነቀሉን ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። የጥርስ ፍርሃት የጠባይ ድክመት ሳይሆን የጤና አደጋ ነው የምለው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስላየሁ ነው።

ፍርሃት ሊለካ ይችላል። ኖርማን ኮራ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው መለኪያ አራት ጥያቄዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሻሻለው ቅጽ ስለ ማደንዘዣ መርፌ የሚጠይቅ አምስተኛ ጥያቄ ጨመረ። ውጤቱ ከ5 እስከ 25 ይደርሳል፤ 19 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ከፍተኛ ፍርሃት እንዳለበት ይቆጠራል። ቅጹን ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚጠይቀውም ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ትልቁ ጥቅሙም ከቁጥሩ ይልቅ ታካሚው ሳያፍር እንዲናገር በር መክፈቱ ነው።

በሩ ሲከፈት ፍርሃት አንድ ዓይነት አለመሆኑን እናገኛለን። አንዱ መርፌ ይፈራል። ሌላው የመቦርቦሪያውን ድምፅ መቋቋም አይችልም። አንዱ እቃ ወደ አፉ ሲገባ ያቅለሸልሸዋል። ሌላዋ አፏን በከፈተች ጊዜ የምትሰማውን ነቀፋ ትፈራለች። ከሁሉ የተለየ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ራሱን መቆጣጠር እንዳይሳነው የሚፈራ ሰው ነው፤ ለእርሱ የሚያደነዝዝ መድኃኒት መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ፍርሃቱን ሊያብስበት ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑን ነው የሚፈራው?» የሆነውም ለዚህ ነው።

አሁን ጥቂት ታሪክ ልጨምር፤ ምክንያቱም የሰመመን ሕክምና ከጥርስ ሐኪሞች ሥራ ጋር የተያያዘ አመጣጥ አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1844 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም፣ ሰዎች ለመዝናኛ ሲሉ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ የሚስቡበትን ትርኢት ተመለከተ። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩን ሲጎዳ ሕመም እንዳልተሰማው አስተዋለ። በማግሥቱ ዌልስ ራሱ ጋዙን ስቦ ጥርሱን አስነቀለ። በሚቀጥለው ወር በቦስተን ባደረገው ሕዝባዊ ማሳያ ግን ታካሚው ጮኸ፤ ታዳሚዎቹም ዌልስን አጭበርባሪ ብለው አፌዙበት። ዊልያም ሞርተን የተባለው ሌላ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በዚያው በቦስተን በኤተር ያሳየው ሰመመን ግን ተሳካ።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን አንድ ፊዚዮሎጂያዊ እውነት አለ። ናይትረስ ኦክሳይድ ደካማ ጋዝ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ለብቻው ሙሉ ሰመመን እንዲሰጥ ቢፈለግ የሚያስፈልገው መጠን በስሌት ከ100 በመቶ ያልፋል። በዌልስ ዘመን ያለ ኦክስጅን ይሰጥ ስለ ነበር፣ ከሚታየው ድንዛዜ ከፊሉ የኦክስጅን እጥረት ያመጣው ነበር። ዛሬ ከኦክስጅን ጋር ቀላቅለን የምንሰጠው ለማስተኛት ሳይሆን ለማረጋጋት የሆነውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ጥልቀት ልለፍ። የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት መረጋጋትን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ታካሚው ነቅቷል፤ ጭንቀቱ ብቻ ቀንሷል። በሁለተኛው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ነገር ግን ስናናግረው ወይም በቀስታ ስንነካው አስቦ ይመልሳል፤ ትንፋሹም የራሱ ነው። በሦስተኛው በቀላሉ አይነቃም፤ የአየር መተላለፊያውን ክፍት አድርጎ ለመጠበቅ እርዳታ ሊያስፈልገው ይችላል። አራተኛው ሙሉ ሰመመን ነው። እነዚህ ደረጃዎች በግድግዳ የተለዩ ክፍሎች አይደሉም። እንደ ተዳፋት መንገድ አንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል፤ አንድ ዓይነት መጠን የተሰጣቸው ሁለት ሰዎችም በአንድ ቦታ ላይቆሙ ይችላሉ። ስለዚህ ዓለም አቀፉ መርሕ፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ ካሰበው ደረጃ አንድ ደረጃ ጠልቆ የሄደን ታካሚ መታደግ መቻል አለበት ይላል። ሁለተኛውን ደረጃ የሚያስብ ሰው ሦስተኛውን ማስተዳደር ካልቻለ መጀመር የለበትም።

በጥርስ ወንበር ላይ ይህ መርሕ ልዩ ክብደት አለው። በሌሎች ሕክምናዎች የሰመመን ባለሙያው በታካሚው ራስ በኩል ቆሞ የአየር መተላለፊያውን ይጠብቃል። በእኛ ሥራ ግን ሐኪሙም የሚሠራው እዚያው ነው፤ ውሃ፣ ደም፣ ምራቅ፣ የጥርስ ስብርባሪና ጥጥ የሚገኙትም እዚያው አፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች የምንፈልገው የሚያናግረን፣ የሚውጥና የሚያስል ሰው ነው። በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው ትርጓሜም ከታካሚው ጋር የሚደረገው የቃል ግንኙነት እስከ መጨረሻው እንዳይቋረጥ ያዝዛል።

ከዚህ በመነሣት አማራጮቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ በቅደም ተከተል እንመልከት።

የመጀመሪያው አማራጭ መድኃኒት የለበትም። ለልጆች «ንገር፣ አሳይ፣ አድርግ» የሚለው ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው፤ የሚደረገውን ልጁ በሚገባው ቃል መንገር፣ እቃውን በእጁ ላይ ማሳየት፣ ከዚያ በተነገረው መሠረት ብቻ መሥራት ማለት ነው። ለአዋቂ ደግሞ እጁን ሲያነሣ ሥራው እንደሚቆም መስማማትና ሲያነሣ በእውነት ማቆም ያስፈልጋል። እኛ «አይዞህ»፣ «አይዞሽ» የሚል ትልቅ ቃል አለን፤ ሐኪሙ ከመርፌው በፊት የሚሰጠው የመጀመሪያው ማረጋጊያ ይኸው ቃል ነው። ይሁን እንጂ «አይዞህ፣ ምንም አያምህም» ብለን ወዲያው ብናሳምመው ቃሉን ለሚቀጥለው ሐኪም ሁሉ አበላሽተንበታል። «አይዞህ፣ ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ እስከ አሥር ስቆጥር ያልፋል» ማለት እውነትም ነው፣ ይበልጥም ያረጋጋል።

ሁለተኛው ጥሩ የአካባቢ ማደንዘዣ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ማረጋጊያ መድኃኒት ሕመምን የሚያስቀር ለሚመስላቸው ወጣት ባልደረቦች ነው። ሚዳዞላም የተሰጠው ሰው ጥርሱ ካልደነዘዘ ያመዋል፤ ልዩነቱ በግልጽ መናገር አለመቻሉ ነው። ያበጠና መግል የያዘ ቦታ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው በቀላሉ አይዝም። ያን ጊዜ መልሱ ነርቩን ከእብጠቱ ርቆ ማደንዘዝና በቂ ጊዜ መጠበቅ እንጂ ማረጋጊያውን መጨመር አይደለም። በልጆች ላይ ደግሞ ስሌቱ ጠባብ ነው። 15 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ልጅ የልጆች ጥርስ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት 4.4 ሚሊ ግራም በኪሎ ወሰን ከሄድን፣ ከፍተኛው የሊዶካይን መጠን 66 ሚሊ ግራም ነው። ባለ 2 በመቶው አንድ ካርትሪጅ 36 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ ልጁ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ እንኳ አይፈቀድለትም። ማረጋጊያ ሲጨመርበት ሁለቱ መድኃኒቶች አንጎልን በአንድነት ስለሚያፍኑ ጥንቃቄው ይበረታል።

ሦስተኛው አማራጭ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ ጭምብል የሚሳበው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ሲቆም በጥቂት ደቂቃ ይለቃል፤ መጠኑንም በየጊዜው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ በሚሆን መጠን ይሠራል። ለጥርስ ሕክምና የተሠሩት መሣሪያዎች የኦክስጅኑ ድርሻ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ ተደርገው የተገጠሙ ናቸው። አፍንጫው ለተዘጋ ሰው፣ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ላለች ሴት፣ ሳንባው አየር ላፈሰሰ፣ በቅርቡ የዓይን ሬቲና ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በዓይኑ ውስጥ ጋዝ ለተተወለት፣ እንዲሁም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ላለበት ሰው አይመከርም። ክፍሉም የተነፈሰውን ጋዝ የሚያስወግድ መሣሪያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ በሌለበት ለረጅም ሰዓት በሚሠሩ የጥርስ ክሊኒክ ረዳቶች ላይ የመፀነስ ዕድል መቀነስ ታይቷል።

እዚህ ላይ የራሳችን ጉዳይ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጋዝ በአንጎል ላይ የሚሠራው በመቶኛው ሳይሆን በከፊል ግፊቱ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ 50 በመቶ ብለን የምንሰጠው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ 37 ወይም 38 በመቶ የሚሠራውን ያህል ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ ባነበበው መጠን የሠራ ሐኪም «ጋዙ አልያዘለትም» ቢል ስሕተቱ የጋዙም የታካሚውም አይደለም። መጠኑን ልጨምር ቢል ደግሞ ሌላው የስሌቱ ክፍል ይጠብቀዋል፤ በመሣሪያው ላይ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን የሆነው 30 በመቶ ኦክስጅን እዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ 22 ወይም 23 በመቶ ጋር ይተካከላል። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ያሰቡት የደኅንነት ትርፍ እኛ ዘንድ በእጅጉ ይጠባል ማለት ነው።

ተመሳሳይ ሐሳብ ጋዝ በማንጠቀምበት ጊዜም ይሠራል። በአዲስ አበባ የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ቢኖረውም በከፊል ግፊት ሲታይ ባሕር ዳርቻ ላይ 16 በመቶ ያህል ኦክስጅን እንደሚገኝበት አየር ነው። ጤነኛ ሰው ለዚህ ተላምዷል፤ ነገር ግን ማረጋጊያ ትንፋሹን ሲያዘገየው ወደ ገደሉ ጫፍ የሚደርስበት ርቀት አጭር ነው። ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ በአፍንጫ ኦክስጅን መስጠትን እዚህ እንደ ልማድ መያዝ አለብን የምለው ለዚህ ነው።

አራተኛው አማራጭ ቤንዞዳያዜፒን የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። ከእነርሱ ዳያዜፓም በቆየ ልምድ፣ ሚዳዞላም ደግሞ በአጭር ጊዜ ሠርቶ በመውጣቱ ይታወቃሉ። በአፍ የሚወሰደው ቀላል ይመስላል፤ መርፌ የለውም፣ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ችግሩ አንዴ ከተዋጠ በኋላ መጠኑን ማስተካከል አለመቻሉ ነው። ለአንዱ ምንም ሳይሠራ ሌላውን በጥልቅ ሊያስተኛው ይችላል። «አልያዘውምና ድገሙለት» የሚለው ትእዛዝ የሚያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው መጠን ዘግይቶ ሲሠራ ከሁለተኛው ጋር ይገጣጠማል።

በደም ሥር የሚሰጥ ሚዳዞላም በትክክል ከተያዘ ለአዋቂ ታካሚ እጅግ ጠቃሚ ነው። በጥቂት በጥቂቱ፣ በእያንዳንዱ መጠን መካከል ታካሚውን እየተመለከቱና እያናገሩ ይሰጣል። ንግግሩ ሲዘገይና ፊቱ ሲፈታ ይቆማል። ከዚህ መድኃኒት በኋላ ታካሚው የተደረገለትን አያስታውስም፤ ይህም ለሚፈራ ሰው እፎይታ ነው። ነገር ግን ሁለት ግዴታ ያስከትላል። የፈቃድ ስምምነት መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቢቻል በሌላ ቀን ሊፈረም ይገባል፤ ከሕክምናው በኋላ የሚሰጥ ምክርም ለአጃቢው ጭምር በጽሑፍ መሰጠት አለበት። መድኃኒቱን የሚሽር ፍሉማዜኒል የተባለ መድኃኒት አለ። እርሱ ግን ከሚዳዞላም ቀድሞ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ የነቃው ታካሚ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ቤንዞዳያዜፒን በየቀኑ በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የሚጥል በሽታ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ፍሉማዜኒል በመሳቢያ ውስጥ መኖሩ ግዴታ ቢሆንም ለድፍረት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

አምስተኛው ጥልቅ መረጋጋትና ሙሉ ሰመመን ነው። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራ፣ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ በአገራችንም ሆስፒታሎች የታወቀ መድኃኒት ነው። ትንፋሽን ብዙ ስለማያፍን አደጋ የሌለበት የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ምራቅ ያበዛል፤ አልፎ አልፎም የጉሮሮን የድምፅ አውታር በድንገት ሊዘጋ ይችላል፤ ደምና ውሃ ባለበት አፍ ውስጥ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሮፖፎል በፍጥነት ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ያወርዳል፤ የሚሽረው መድኃኒትም የለውም። ሁለቱም በሰመመን ባለሙያ እጅ፣ በሆስፒታል ውስጥ መሰጠት ይገባቸዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ ለጥርስ ሕክምና የሚሰጥን ሙሉ ሰመመን ከክሊኒኮች አውጥታ ለሆስፒታሎች ብቻ የፈቀደችው በጥርስ ወንበር ላይ ሞት ከደረሰ በኋላ ነው። እኛ ያንን ትምህርት በራሳችን ልጆች ሕይወት ደግመን መማር የለብንም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ የሚታደገው ማን ነው? ቻርልስ ኮቴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በማረጋጊያ ምክንያት በልጆች ላይ የደረሱ 95 አደጋዎችን መረመሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሞት የተደመደሙ ነበሩ። በዚያ ጥናት አደጋው ከአንድ የመድኃኒት ዓይነት ወይም ከአንድ የአሰጣጥ መንገድ ጋር የተያያዘ ሆኖ አልተገኘም። በየዓይነቱ መድኃኒት፣ በየመንገዱ ደረሰ። ውጤቱን የከፋ ያደረገው ክትትሉ ጉድለት የነበረው መሆኑና ትንፋሽ ሲቆም ልጁን በብቃት መታደግ አለመቻሉ ነበር። «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ቦታ እንዲይዝ የምጠይቅበት ማስረጃ ይህ ነው።

ስለዚህ በትንሹ ምን ያስፈልገናል? ጥርሱን ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ዓይኑን ከታካሚው ላይ የማያነሣ፣ ለዚሁ ብቻ የተመደበና የሠለጠነ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ፐልስ ኦክሲሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ኦክስጅን፣ በእጅ የሚነፋ የትንፋሽ ከረጢት በልጅም በአዋቂም ልክ፣ ጠንካራ የምራቅ መሳቢያ፣ የሚሽረው መድኃኒት፣ ቶሎ የሚዘረጋ ወንበር ያስፈልጋሉ። ኦክሲሜትሩ ወዳጅ ነው፤ ግን ዘግይቶ የሚናገር ወዳጅ ነው። በተለይ ኦክስጅን የሚሰጠው ታካሚ ትንፋሹ ቆሞ እንኳ ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሆኖ ይታያል። የደረትን መውጣትና መውረድ ማየት፣ ታካሚውን ማናገር፣ ከተቻለም የሚተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከመሣሪያው ያላነሰ ደግሞ የቅድመ ሕክምና ንግግራችን ያስፈልጋል። ለጥልቅ መረጋጋትና ለሰመመን ታካሚው ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መራቅ አለበት። እኛ ግን «ጾመህ ና» ስንለው ምን እንደሚሰማ እናስብ። በብዙ ቤት ጾም ማለት ሥጋና ወተት አለመብላት ነው፤ ጠዋት ሽሮ በልቶ የመጣ ታካሚ በራሱ አገላለጽ ጾሟል። ቀጠሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሆነ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ምንም ዓይነት እህል፣ ወተትም ቢሆን፣ እንዳይቀምሱ፤ ንጹሕ ውሃ እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይችላሉ» ማለት ይኖርብናል። እንዲሁም ድፍረት ለማግኘት ብሎ አረቄ የጠጣ ሰው የሚወስደው ማረጋጊያ ትንፋሹን ከሚጠበቀው በላይ ሊያፍን ይችላል። ጫት የቃመ ሰው የልብ ምቱና ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። እነዚህን ሳንኮንን መጠየቅ አለብን፤ የተኮነነ ሰው እውነቱን አይነግረንም። ወደ ቤቱ የሚወስደውም ኃላፊነት የሚሰማው አዋቂ ካልመጣ፣ ታካሚውን ብቻውን ወደ ሚኒባስ ታክሲ ከመሸኘት ቀጠሮውን ማዛወር ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ሥነ ምግባር አንድ ነገር ልናገር። ማረጋጊያ የሚሰጠው ለታካሚው ነው ወይስ ለሐኪሙ? ወረፋ በበዛበት ክሊኒክ የሚያለቅስ ልጅ ያስቸግራል፤ ዝም የሚያሰኝ ሽሮፕም ፈታኝ ነው። ልጁን ጨብጦ መያዝም እንዲሁ ፈጣን ነው። ነገር ግን አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ ለሌላ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በአንድ ቀጠሮ ጥርሶችን መቁጠር ብቻ፣ በሚቀጥለው ማጽዳት፣ ከዚያ በኋላ መሙላት ይቻላል። መዘግየት የማይቻልበትን ኢንፌክሽን ደግሞ በቂ ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ የሽንፈት ምልክት አይደለም። ማረጋጊያ የታካሚው የፍርሃት ዕድሜ እንዲያጥር፣ በሚቀጥለው ጊዜም በራሱ እግር እንዲመጣ የሚረዳ ድልድይ መሆን አለበት። በየጊዜው መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ታካሚ ካለን ሕክምናችን ፍርሃቱን አልነካውም ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በተለያዩ ከተሞች ትመደባላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የናይትረስ ኦክሳይድ መሣሪያ ያለበት ክሊኒክ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አታገኙም። መሣሪያ ባይኖርም ፍርሃቱን መጠየቅ፣ እውነት መናገር፣ ማደንዘዣውን እስኪይዝ መጠበቅና እጅ ሲነሣ ማቆም ይቻላል። መሣሪያውና መድኃኒቱ ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን መጠን ከመስጠታችሁ በፊት በክፍሉ ውስጥ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ፤ ይህ ሰው ትንፋሹ ቢቆም ከረጢቱን የሚያነሣው እጅ የማን እንደሆነ በስም መናገር ካልቻላችሁ፣ ለዚያ ቀን ትክክለኛው መጠን ዜሮ ነው።